ትዳራችን ሲታመም ወዴት ሄድን?

ይህን የምንጽፍላችሁ ሁለት ነን፤ ባልና ሚስት። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጽፋል፣ ደግሞ እንለዋወጣለን። አንድ አንቀጽ ላይ ስላልተስማማን ጽሑፉ ሦስት ቀን ዘግይቷል። የትኛው እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

የምንኖረው ዘመሮ ነው፣ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ። አገሩ ብርድ ነው። ገብስ፣ በግና ባና ያለበት፣ ውርጭ ሲጥል ማሳው ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ደጋ። በወንጌል ያመንነው ቁጥራችን ጥቂት ስለሆነ አንዱ ቤት የሆነው ሁሉ ሌላው ቤት ይሰማል። ስለዚህ እኛም ታመን ሳለ እንዳንታወቅ ብዙ ደክመናል።

ነገሩ የጀመረው በሁለት በጎች ነው። በጎቹ የሚስት ነበሩ፤ ስታገባ እናቷ ከሰጠቻት የረቡ። አንድ ቀን የባል ወንድም ልጅ ታመመና ወደ ደብረ ብርሃን መውሰድ ግድ ሆነ። ባል ሁለቱን በጎች ገበያ አውጥቶ ሸጠና ገንዘቡን ለወንድሙ ሰጠ። ለሚስቱ የነገራት ማታ ነው፣ ያውም በጎቹ ሳይገቡ ሲቀሩ ስለጠየቀችው። ልጁ ዳነ፤ ክብር ለጌታ ይሁን። ግን ልጁ ስለዳነ ሚስት መቆጣት አፈረች። ሕፃን ነፍሱ በተረፈበት ገንዘብ ማን ይቆጣል? ቁጣው ታዲያ ወዴት ይሂድ፤ ቤት ውስጥ ቀረ።

በእኛ አገር ባልና ሚስት ፊት ለፊት መነጋገር ብዙም አልለመድንም። ነገርን በሰምና ወርቅ መሸፈን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ሚስት ጠጉር እየፈተለች፣ «በግ እንኳ ባለቤቱን ያውቃል» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለእንዝርቱ። ራት ሲደርስ ለልጃችን፣ «ለአባትህ ቀርቧል በለው» ትለዋለች፤ አባትየው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ። ባልም የራሱን መንገድ አገኘ። ማታ ማታ የቤተሰብ ጸሎት ስንጸልይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቅር የማይል ልብ እንዲሰበር ጌታን ይለምናል። ሚስት ደግሞ በተራዋ በድብቅ የሚደረግ ሁሉ ወደ ብርሃን እንዲወጣ ትጸልያለች። ልጃችን በመካከል «አሜን» ይላል። እንዲህ ያለ ጸሎት እናንተ ቤት ተጸልዮ ያውቅ እንደሆነ አንጠይቃችሁም።

ይህ ሰባት ወር ቆየ። ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥26 ፀሐይ በቁጣችን ላይ እንዳትጠልቅ ያዘዘውን ልጆች ሳለን በቃላችን ይዘነዋል። በእኛ ቁጣ ላይ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ጠልቃለች። እሑድ እሑድ ሚስት ከመዘምራን ጋር ትቆማለች፣ ባል ቃል ያካፍላል። ማንም አላወቀብንም።

ያልተስማማንበት አንቀጽ ይህ ነው። አንድ ማታ እጅ ተነሣ። የማን እጅ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ባል «አንድ ጊዜ ነው» የሚለው ይግባ አለ፤ ሚስት ደግሞ ቁጥሩ ይቅርታ የሚለምን ስለሚመስል ይውጣ አለች። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ አንድ ጊዜ ነው፣ እሷም ከዚያ በኋላ ለወራት እሱ በፍጥነት በተነሣ ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

ታዲያ ወዴት እንሂድ? መጀመሪያ በዚያን ጊዜ ወደምንካፈልበት ጉባኤ ሽማግሌዎች ሄድን። በፍቅር ተቀበሉን፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልን። ለሚስት ታገሺ አሏት፤ ለባል ራስ መሆኑን አስታወሱት። ከደጃፍ ስንወጣ ባል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሚስት ትንሽ ዝቅ ብላ ነበር የሄድነው። አንወቅሳቸውም፤ እነሱም ከዚህ ሌላ አልተማሩም። ግን አንድ ነገር ያኔ ገባን። ወላጆቻችን ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፣ ቤታቸው ጠብ ሲገባ የነፍስ አባታቸው ይመጣሉ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ይሰማሉ፣ ያስታርቃሉ። እኛ ከዚያ ስንወጣ የነፍስ አባቱንም ትተን ወጣን፣ በቦታው ግን ያስቀመጥነው ሰው የለም። ከጋብቻ በፊት ትምህርት አለን። ከጋብቻ በኋላ ያለን የሠርጉ ፎቶ ነው።

የአገር ሽማግሌም መጣ። ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንኳ ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲስማሙ ዕድል ይሰጣል። ነገር ግን የሽማግሌ ሙያ ጠብ ማብረድና ካሣ መቁረጥ ነው። «ሁለት በግ ይተካ» ብለው ፈረዱ። ባል እሺ አለ። ሚስት እሺ አለች። ማታ ራት ሲቀርብ መልእክቱ አሁንም በልጁ በኩል ተላለፈ።

በዚህ መካከል የሕዝብ ጤና የተማረ የእህታችን ልጅ ለበዓል መጣና የቤቱን አየር አይቶ ዝም አለ። ሊሄድ ሲል፣ «እንዲህ ያለው ነገር እኮ ይጠናል» አለን። ሳቅንበት። ጠብ ምኑ ይጠናል?

እሱ ግን አስረዳን። በአሜሪካ አንድሩ ክሪስቴንሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው በጠና የተጎዱ 134 ባለትዳሮችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው በሁለት ዓይነት የምክር ዘዴ ረዷቸው፣ ከዚያ አምስት ዓመት ተከታተሏቸው። በአምስተኛው ዓመት ግማሽ ያህሉ በግልጽ ተሽሏቸው ተገኙ፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ግን ተለያይተዋል። ይህን ሲነግረን ሚስት «ደስ አለኝ» አለች። ባል ገረመው፣ ከአራት አንዱ ፈርሶ ምኑ ደስ ይላል? እሷ ግን የወደቀውንም የሚቆጥር ሰው መኖሩ ነው ደስ ያላት። እኛ ዘንድ በምስክርነት ሰዓት የሚነሣው የተፈወሰው ብቻ ነው። ያልተፈወሰው ኋላ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ለዚህ ነው እነዚህ ሰዎች ዕጣ የሚጥሉት፤ ብርቱዎቹና ፈቃደኞቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰብስበው ምክሩ የሠራ እንዳይመስል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ማትያስ በዕጣ እንደተቆጠረ ለምናውቅ ሰዎች ዕጣ ባዕድ አይደለም።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ነው የነካን። ይህ ምክር በእንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተሠራ። ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ይሠራለት ይሆን? ብራያን ዶስ የሚባሉ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከክሪስቴንሰን ጋር ሆነው ያንን ዘዴ ባልና ሚስት ቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት እንዲከታተሉት አደረጉት፣ አንድ ረዳት በስልክ እየደወለ ያበረታታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሙከራ 300 ባለትዳሮች ተሳትፈው፣ ፕሮግራሙን የጀመሩት ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ተሻሻሉ። ቀጥሎም ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች በራሳቸው ቋንቋ አዘጋጁት፣ ስሙም «ኑኤስትራ ሬላሲዮን» ሆነ። ባልና ሚስት ቀን ሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ ሊግባቡ ይችላሉ። ማታ ግን የሚጣሉት እናታቸው ባስተማረቻቸው ቋንቋ ነው፤ ታዲያ መታረቂያውም በዚያው ቋንቋ ሊሆን ይገባል።

ይህን በራሳችን አይተነዋል። አንድ ወንድም ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የትዳር መመሪያ ሰጥቶን ነበር። በየገጹ «ስሜትህን ለትዳር ጓደኛህ ግለጽ» ይላል። ባል አንድ ማታ መጽሐፉን ይዞ፣ «አንቺ እንዲህ ስታደርጊ እኔ እንዲህ ይሰማኛል» ብሎ አነበበላት። ሚስት ሳቀች። በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ስለነበር መጽሐፉን አናማውም፣ ግን ከዚያ ገጽ አላለፍንም።

የእህታችን ልጅ የነገረን ሦስተኛው ነገር ግን ቅርባችን ያለ ነው። በጉራጌ ዞን፣ በ64 ቀበሌዎችና መንደሮች፣ ወንዶችን ለብቻ፣ ሴቶችን ለብቻ፣ ባልና ሚስትን ደግሞ በአንድነት እየሰበሰቡ 14 ጊዜ የተወያዩበት ሙከራ ተደርጓል። የት ተሰብስበው? ቡና ላይ! ጀበናው ተጥዶ፣ በአገሩ ወግ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም፣ ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት ጥቃቱ አልቀነሰም፤ ወንዶች በተሰበሰቡበት ግን በሚስቶች ላይ የሚደርሰው ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ባል ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም አለ። እኛ ቤት «ታገሺ» የተባለችው እሷ ናት፤ መሰብሰብ የነበረበት ግን እሱ ነው።

በምዕራብ ዩጋንዳ ደግሞ 1,680 ባለትዳሮች በተሳተፉበት ጥናት ያስተማሩት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አይደሉም፤ የሃይማኖት መሪዎች ናቸው። 12 ጊዜ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ውሳኔ፣ ስለ መነጋገር አስተማሩ። ባሎች ሥልጣናቸውን ማካፈል ጀመሩ፣ ጥቃቱም በአምስት መቶኛ ነጥብ ቀነሰ። አምስት ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ከመቶ ቤት አምስቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ይጠይቃት።

እኛስ ምን አደረግን? በኅብረታችን ጋሼና እትዬ የምንላቸው ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት አሉ። ምሁራን አይደሉም፤ ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉንም ነገርናቸው። እትዬ መጀመሪያ ያደረጉት ሚስትን ለብቻዋ ወደ ጓዳ ወስደው፣ «ቤትሽ መግባት ትፈሪያለሽ ወይ?» ብለው መጠየቅ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ይህን አልጠየቃትም ነበር። «ብትፈሪ ኖሮ ይህ ቡና አይፈላም ነበር፣ እኛ ጋ ነበር የምታድሪው» አሏት። ጋሼ ደግሞ ባልን ከሌሎች ሦስት ባሎች ጋር አራት ዓርብ ለብቻ ሰበሰቡት። በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚታገድ የተጻፈውን አንብበው፣ «ይቅር የማይል ልብ ይሰበር እያልክ የጸለይከው ታዲያ የት ደረሰ?» አሉት። ያ ጸሎት ዝናው እሳቸው ዘንድ እንዴት እንደደረሰ እስካሁን አናውቅም። ልጃችንን እንጠረጥራለን።

በአምስተኛው ዓርብ አንድ ላይ ተቀመጥን። ሚስት ስለ እናቷ ተናገረች። እናቷ ከመጀመሪያ ትዳሯ ባዶ እጇን ነው የወጣችው። ልጇን ስትድር ሁለት በግ ሰጥታ፣ «ይህ የማንም አይደለም፣ ያንቺ ነው» አለቻት። ስለዚህ የተሸጠው በግ ብቻ አልነበረም፤ ባዶ እጇን እንዳትወጣ የተቀመጠላት መውጫ ነው። ባል በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ይህን አልሰማም። እሱም በተራው ወንድሙ እሱ እንዲማር ብሎ ትምህርቱን ትቶ ከብት እንደጠበቀ፣ ያን ቀን ወንድሙ ፊት «ሚስቴን ልጠይቅ» ማለት እንዳሳፈረው ተናገረ። ሚስትም ይህን አልሰማችም። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ሁለታችንም ተጎድተን ነበር፣ የተነሣው እጅ ግን ልክ አልነበረም። ጋሼ ይህን ሦስተኛውን ባል ራሱ በቃሉ እስኪለው ድረስ ጠበቁ። ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበር።

ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖናል። አሁን ስድስት ባለትዳሮች እንሰበሰባለን፣ ሁለት ዓርብ ለየብቻ፣ አንድ ዓርብ አብረን። ከጀመርነው መካከል አንዱ ትዳር ፈርሷል፤ ሁለቱም ግን እኅታችንና ወንድማችን ናቸው፣ በጸሎት አስቧቸው። ከእኛም ቤት ጠብ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ስለ ገብሱ ሽያጭ ተጣልተናል፤ ግን ከመሸጡ በፊት ነው የተጣላነው። ልጃችን መልእክተኛነቱ ስለቀረበት «ሥራ ፈታሁ» እያለ ይቀልዳል።

የባል ወንድም አንዷን በግ በጥር መለሰ። ሁለተኛዋ ገና ናት። የመጣችው በግ ስሟን ያወጣችላት ሚስት ናት፣ የሚሸጣትም ቢኖር እሷ ብቻ ናት። በመጪው ዓርብ ቡናው እኛ ቤት ነው። የሚቆላው ባል ነው፤ ባለፈው ጊዜ አሳርሮታል፣ እትዬም ሦስቱንም ስኒ ሳይናገሩ ጠጥተውለታል።