ዘይቱ በየት በኩል ሄደ? የቃሊቲ ገልባጭና የሲያትል ጀልባ

ሲያትል ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጋራ የያዝናት ያገለገለች የሞተር ጀልባ አለች። ባለፈው ሐምሌ ፍጥነት ስንጨምር ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች። ሰው ብናዘዋውርም፣ ዕቃ ብናስተካክልም ያው ሆነች።

እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከኋላቸው፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉ ሁለት ላሜራዎች አሏቸው፤ ትሪም ታብ ይባላሉ። እያንዳንዱን ላሜራ አንድ ትንሽ ጃክ ይገፋዋል። ለጃኩ ዘይት የሚልከው ደግሞ በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ነው። ላሜራው ሲወርድ ውሃው ከሥር ይገፋውና ያንን የጀልባ ወገን ያነሣዋል፤ ሁለቱም ሲወርዱ ኋላዋ ተነሥቶ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። ጣና ላይ የተሳፈረ ሰው ይህ ሥራ ያለ መሣሪያ ሲሠራ አይቷል። ነጂው «አንቺ እዚህ ተቀመጪ፤ አባባ፣ እርስዎ ወደ ፊት ይለፉ» እያለ ሚዛኑን በተሳፋሪው ያስተካክላል።

የእኛ የግራው ላሜራ ይወርዳል፤ ግን አይቆይም። ጀልባዋ ስትፈጥን ውሃው እየገፋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የወሰድንበት የጥገና ቦታ ባለሙያ ማብሪያውን አንድ ሁለት ጊዜ ተጭኖ አየና «ፓምፑም ጃኮቹም በአዲስ ይቀየሩ» አለን። ክፋት አልነበረበትም። እዚያ የእጅ ዋጋ በሰዓት ከ150 ዶላር ያልፋል፤ ፈትቶ፣ ጎሚኒ ቀይሮ፣ መልሶ መግጠም ከአዲሱ ዕቃ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የሚፈታ ሰው የለም። የሚፈታ ከሌለ ደግሞ የዕቃውን ውስጥ የሚያውቅ እየጠፋ ይሄዳል፤ ይህ ያሳስበኛል።

እኔ ያደግኩት ቃሊቲ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና የሚቆምበት፣ ጉምሩኩ፣ ጋራዡ፣ ቶርኖ ቤቱና ጎማ ጠጋኙ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ወረድ ሲባል አቃቂ ላይ፣ መለዋወጫ ከውጭ ከሚገባ እዚሁ ይመረት ተብሎ የተቋቋመው ፋብሪካ አለ፤ ኋላ ላይ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የተባለው። በዚያ ሰፈር ዕቃ ተበላሸ ማለት ይፈታል ማለት ነው።

የሲኖትራክ ገልባጭ ጃክ ሲፈታ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ የብረት ቱቦ ነው፤ ሲዘረጋ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል። ልጆቹ በሰንሰለት ጎትተው ያወጡታል። ዋናው መካኒክ እጁን በጨርቅ ይጠርግና ብረቱን በጥፍሩ ይዳብሰዋል። ጭረቱ ጥፍር ከያዘ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ካልያዘ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና አዲስ ጎሚኒ ይገባለታል። ጎሚኒው በልኩ ካልተገኘ ረዳቱ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይላካል። እዚያም ከጠፋ ተቀራራቢው ይመጣና ማረፊያው በቶርኖ ይሰፋለታል። ሲያትል ላይ እንዲህ ያለ እጅ ብፈልግ ከየት አገኛለሁ?

የቃሊቲ ችግር ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የተነሣው ካሶኔ ቀስ እያለ ከወረደ «ጃኩ ሄዷል» ይባልና ወዲያው መፍታት ይጀመራል። ጥፋቱ ግን የጃኩ ላይሆን ይችላል። በአብዛኛው የገልባጭ ጃክ ዘይት የሚገፋው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚመልሰው የካሶኔው ክብደት ነው። እንዲህ ያለ ጃክ ጎሚኒው ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በቱቦው ላይ ሲወርድ ይታያል፣ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ካሶኔው እየወረደ ውጭው ሁሉ ደረቅ ከሆነ ዘይቱ ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቩ ነው። ቫልቩን ለማየት ጥቂት ቡሎን መፍታት ይበቃል። ጃኩን ማውረድና መልሶ መስቀል ግን የብዙ ሰው ጉልበትና የመኪናውን የሥራ ቀን ይበላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ነው።

ካሶኔው ጭራሽ አልነሣ ሲልም መንገዱ ያው ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። የዘይቱ ልክ ይታያል፤ ከካምቢዮ ወደ ፓምፑ ኃይል የሚወስደው ፒቲኦ መግባቱ ይረጋገጣል፤ ማጣሪያው ይታያል፤ በመጨረሻ ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት በጌጅ ይለካል። ለእረፍት ስሄድ በገባሁባቸው ጋራዦች ይህን ጌጅ አላገኘሁም። ፓምፕ የሚቀየረው በድምፁና በግምት ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል መሆኑ የመካኒኮቹን ብቃት ያሳያል፤ ስህተት ሲሆን ግን ባለመኪናው ጤነኛ ፓምፕ አውጥቶ ሌላ ይገዛል።

ወደ ጀልባዋ ልመለስ። እኔና ጓደኛዬ አዲስ ዕቃ ከማዘዛችን በፊት ዘይቱን ተከተልን። ታንኩ አልጎደለም። የዚህ ዓይነት ፓምፕ የሚጠቀመው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ስለሆነ ጃኩ ቢያፈስ ኖሮ ታንኩም ይጎድል፣ ውሃው ላይም ይታይ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ቱቦዎች ከፓምፑ ፈትተን አቀያየርናቸው፤ የግራውን በቀኙ ቦታ፣ የቀኙን በግራው። ስንሞክራት የግራው ላሜራ ጸንቶ ቆመ፤ የቀኙ መመለስ ጀመረ። ጃኮቹ ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ በፊት ለግራው የሚያገለግለው ቫልቭ ነው። ስንፈታው መቀመጫው ላይ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የጎማ ስባሪ ተጣብቃለች። በእሷ ሥር ዘይቱ ያልፋል። አጠብነው፣ ጎሚኒውን ቀየርን፣ አዲስ ዘይት ሞላን፣ አየሩ እስኪወጣ ላሜራዎቹን ደጋግመን አወጣንና አወረድን። ያወጣነው ገንዘብ ለዘይትና ለጎሚኒ ብቻ ነው።

ትሪም ታብ ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ግን መጀመሪያ የሚታየው ኤሌክትሪኩ ነው። እዚህ ላይ ለገልባጩም ለጀልባውም የሚጠቅም አንድ ነገር ልናገር። ቴስተር አስገብቶ «12 አለው» ማለት አይበቃም። አንድ ሰው ማብሪያውን ተጭኖ ይዞ፣ ሌላው ፓምፑ ጫፍ ላይ መለካት አለበት። ሥራ ሲጀምር ንባቡ ወደ 9 ወይም 8 ከወረደ ሽቦው ወይም መገናኛው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፓምፑን መቀየር ምንም አያመጣም። ሲያትል ውስጥ ይህ በብዛት የሚመጣው ከጨው ነው። ጀልባዋ ያለችበት ሐይቅ ጨው አልባ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተው የባላርድ የጀልባ መተላለፊያ በኩል ወደ ባሕሩ ስንወጣ መገናኛውን አረንጓዴ ዝገት ይይዘዋል። ቃሊቲ ላይ ጨው ባይኖርም አቧራና ጭቃ አለ፤ የገልባጩ 24 ቮልትም በዚያው መንገድ ይጠፋል። ሌላም አለ፤ በብዙ ጀልባዎች የቀኙ ማብሪያ የሚያዘው የግራውን ላሜራ ነው፤ ምክንያቱም የግራው ኋላ ሲነሣ የሚወርደው የቀኙ አፍንጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛ ሽቦ ሲያገላብጥ ይውላል።

ሳልናገር የማላልፈው የሰው ነገር ነው። የጀልባ ላሜራ ቢመለስ ጀልባዋ ታዘነብላለች እንጂ ሌላ አይመጣም። የገልባጭ ካሶኔ ሲወርድ ግን ሥሩ ሰው አለ። ቃሊቲ ላይ የተነሣ ካሶኔ በዘይት ብቻ ቆሞ ከሥሩ የ17 ቁልፍ ይዞ የሚገባ ልጅ አይቻለሁ። ድጋፍ ከተደረገም አንድ ግንድ ነው። እዚህ ሲያትል የማውቃቸው የከባድ መኪና ጋራዦች የብረት ድጋፍ ሳይገባ ማንም ከሥር እንዲሠራ አይፈቅዱም። ይህ ሀብት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ወፍራም ብረት ቆርጦ፣ ከሻሲው ላይ ማጠፊያ በይዶ መግጠም የትኛውም የቃሊቲ በያጅ ግማሽ ቀን የማይፈጅበት ሥራ ነው። ቫልቭ እፈታለሁ ብሎ የገባ ልጅ ቱቦው ውስጥ ያለውን ዘይት ሲለቀው ካሶኔው ይወርዳል፤ ለመሸሽ ጊዜ የለም።

ዘይቱ ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል የሚለውም አለ። አሜሪካ ውስጥ ከጀልባ ወጥቶ ውሃው ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት የሚፈጥር ዘይት ማፍሰስ በንጹሕ ውሃ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ጀልባው ሥር መምጠጫ ጨርቅ ይነጠፋል። ቃሊቲ ላይ የተቃጠለው ዘይት ለእንጨት መቀቢያና ለሌላም ይሸጣል፤ የተረፈው ግን ቦይ ውስጥ ሲፈስ አይቻለሁ። ቦዩ ወደ አቃቂ ወንዝ ይሄዳል፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ እኛው እንበላዋለን። አንድ በርሜል ከጋራዡ ጥግ ማስቀመጥ ይቻላል።

በዚህ ዓመት ወደ አገር ቤት ለምትሄዱና ዘመዳችሁ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ወገኖቼ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ እስከ 400 ባር የሚለካ የዘይት ግፊት ጌጅ ከነመጋጠሚያው፣ አንድ ደህና ቴስተርና የተለያየ ልክ ያለው የጎሚኒ ሳጥን ጨምሩ። ከተቻለም የምርመራውን ቅደም ተከተል በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ አሸጋችሁ፣ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ ስጡ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ካሶኔውን በብረት ደግፍ» ብላችሁ ጻፉ።