ሁለት ገብቶ አራት ሲወጣ



ጅማ ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የማትቀር ጥያቄ ነበረች፦ «ቲቸር፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ እኛን ምን አገባን?» ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሳት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ፣ ነገሩ ቡናም አለበት።

ፋጅ የሚባሉት ቫይረሶች ሰው አይነኩም፤ ሥራቸው ከባክቴሪያ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አልፍሬድ ኸርሺና ማክስ ዴልብሩክ፣ ለየብቻቸው ሲሠሩ፣ አንድ አስገራሚ ነገር አዩ። ሁለት ዓይነት ፋጅ አንዱን ባክቴሪያ አብረው ሲወሩት፣ የሚወጡት ልጆች የወላጆቻቸው ግልባጭ ብቻ አይደሉም። አንዱ ወላጅ አንድ የተለየ ጠባይ አለው እንበል፣ ሌላው ደግሞ ሌላ። ከሚወጡት መሃል ሁለቱንም ጠባይ የያዘ ይገኛል፤ ሁለቱንም ያጣም ይገኛል። ሁለት ገብቶ አራት ወጣ! ውስጥ ሆነው ዘረመላቸውን ተቀያይረዋል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1969 ከሳልቫዶር ሉሪያ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ይሄ ከሚውቴሽን ይለያል። ሚውቴሽን ደብተር ስትገለብጡ አንድ ፊደል እንደ መሳት ነው። መቀያየር ግን ሌላው ለፍቶ የጻፈውን ገጽ ገንጥሎ የራስ ደብተር ውስጥ መክተት ነው። አንዱ ዘመን የፈጀበትን ሌላው በአንዴ ያገኘዋል።

እሺ፣ ጅማስ?

አጎቴ አጋሮ አጠገብ ቡና አላቸው። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በእሱ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ዛፎቹ አንድ በአንድ መጠውለግ ጀመሩ። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዛፉ ከነፍሬው ቆሞ ይደርቃል፤ ቅርፊቱን ስትልጡት እንጨቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቡና ማድረቅ በሽታ ነው። አምጪው ቫይረስ ሳይሆን ፈንገስ ነው፣ ፊዩዛሪየም ዛይላሪኦይደስ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል (የሚያስፈራም) ታሪክ አለ። በሽታው በያኔው ከፋ ጠቅላይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመዘገብ አምጪው ፊዩዛሪየም ኦክሲስፖረም ነው ተብሎ ነበር። ይሄኛው ሙዝ የሚያደርቀው ዘመድ ነው። በ1970ዎቹ ስሙ ታረመ። በ2024 ደግሞ እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት በቅዝቃዜ የተቀመጡ ናሙናዎችን ዘረመል አንብበው አንድ ነገር አሳዩ፦ ቡና አድራቂው ፈንገስ ከዚያው ከኦክሲስፖረም የተዘጋጁ የጂን ክፍሎች ወስዷል። ስሙ ስህተት ነበር፣ ዝምድናው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ከፋጁ ይለያል፤ ነገሩ ግን ያው ነው፣ ገጽ ገንጥሎ መውሰድ።

አጎቴ የተሰባጠረውን የአገር ቡና ሁሉ ነቅለው አንድ ዓይነት ብቻ ሊተክሉ አስበው ነበር። 74110 እና 74112 በሲቢዲ ላይ ስማቸው የተነሳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲቢዲ አገራችን የገባው በ1971 ነው፤ 74 የምትለዋ ቁጥር ደግሞ 1974 ማለት ናት። ግን ሲቢዲን ቻለ ማለት ማድረቁንም ቻለ ማለት አይደለም። ዛሬ የቻለውም ቢሆን፣ ጠላቱ ነገ ከጎረቤት ገጽ ገንጥሎ ሊመጣ ይችላል። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ቁልፍ ሁሉንም በር ይከፍታል።

ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸውና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ እሱስ እሺ። ገጀራዬን ምን ላድርገው?» አሉኝ። ከጥያቄ ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነው! ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው። ሲመነጥሩ ግንዱን አይንኩት፤ ሥሩ አካባቢ ያለውን አረም በእጅ ይንቀሉ። የታመመውን ዛፍ ነቅለው እዚያው ባለበት ያቃጥሉ፤ ለማገዶ ብለው በጤነኛው መሃል አይጎትቱት። ገጀራውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ በእሳት ያንገርግቡት። የተሰባጠረውን ቡና ደግሞ አይጨርሱት።

መቀያየር የጠላት ብቻ አይደለምና። በለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ ያለው ቡና ገና ያልተነበቡ ብዙ ገጾች አሉት። መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች ቡናን ከቡና ሲያዳቅሉ የሚያደርጉትም ይሄንኑ ነው፣ ለእኛ በሚጠቅመን በኩል። ጫካው ካለቀ ግን ከየት እንገነጥላለን?

ጌራ፣ ሊሙ፣ ቦንጋ፣ ቴፒ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ጋ ማድረቁ እንዴት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ቤተሰብ ቡና ያለው ደግሞ የገጀራዋን ነገር ዛሬውኑ ደውሎ ይንገር።