እስስትን ለምን እንሰድባታለን?



በእኛ አገር ሰውን «እስስት» ማለት ስድብ ነው። ጠዋት የተናገረውን ከሰዓት የሚክድ፣ አለቃ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ሁሉ በእሷ ስም ይጠራል። ሰሞኑን ግን ለእስስት ጥብቅና መቆም አምሮናል። እናላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን እስስት ቆዳ መርምረው ያገኙት ነገር አለ። ቆዳው ውስጥ ደቃቃ ክሪስታሎች በሥርዓት ተደርድረዋል። እስስቱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይጠጋጋሉ፤ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል። ሌላ ወንድ ሲመጣበትና ደሙ ሲፈላ ይራራቃሉ፤ ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። ልብ በሉ! ይሄ ማስመሰል አይደለም። ውስጡ ያለውን ቆዳው ላይ ማውጣት ነው። ከእኛ መሀል ስንቱ ይችለዋል?

እስስት በተፈጥሮ የምትሠራውን ሰው በላስቲክ መሥራት ከጀመረ ቆይቷል። «ፈሳሽ ክሪስታል ኢላስቶመር» ይሉታል። ስሙ አያስፈራችሁ። ፈሳሽ ክሪስታሉ ከብዙ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ስክሪን ውስጥ ያለው ዘመዱ ነው፤ ኢላስቶመሩ ደግሞ ያው የሱሪያችን ላስቲክ ወንድም ነው። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሪድሪሽ ራይኒትዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ከኮሌስትሮል የተገኘ አንድ ንጥረ ነገር ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አየ፤ በ145.5 ዲግሪ ደፈረሰ፣ በ178.5 ዲግሪ ጠራ። (ኮሌስትሮል ከጮማ ሌላ ሥራ እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው!) ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ጀርመናዊው ሃይኖ ፊንከልማን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን ፈሳሽ ክሪስታል ከላስቲክ ጋር አጋባው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል? ዘንግ የሚመስሉ ሞለኪውሎች በድርብርብ ተኝተዋል በሉ። እያንዳንዱ ድርብ ከበታቹ ካለው ትንሽ ዞር ይላል። ሲደራረብ የፎቅ ቤት ጠመዝማዛ ደረጃ ይመስላል። ደረጃው አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር የሚፈጅበት ርቀት ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ፣ ያንን ቀለም ብቻ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ሌላውን ያሳልፋል። የሚያንጸባርቀው 650 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ከሆነ ቀይ፣ 450 አካባቢ ያለውን ከሆነ ሰማያዊ ታያላችሁ። (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።) አሁን ላስቲኩን ለጥጡት። ሲለጠጥ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ደረጃዎቹ ይጠጋጋሉ፤ ቀዩ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናል። ስትለቁት ይመለሳል። የተቀባ ቀለም ስላልሆነ የጸሐይ ማቅለሚያ እንደሚያነጣው ሸሚዝ አይደለም።

እኛን ይህ ነገር የሳበን ግን በፊዚክሱ አይደለም። የአንዳችን እናት እግራቸው እያበጠ ለወራት የሚለጠጥ ፋሻ ይጠመጠምላቸው ነበር። ነርሷ «ጠበቅ አድርጉት፣ ግን እንዳይጠብቅ» ብላ አሰናበተችን። በሉ እንግዲህ! ከላላ ጥቅም የለውም፤ ከጠበቀ ደም ይከለክላል። ተራ በተራ እየጠመጠምን፣ የእግራቸውን ጣት እየነካን «ቀዘቀዘ ወይስ አልቀዘቀዘም?» እንባባላለን። እሳቸውን ብንጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ደህና ነው ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ቢያማቸውም «ደህና ነው»። ላለማስቸገር ሲሉ የሚዋሹ እናቶችን የማያውቅ አለ? እዚያ ጋ ነው እስስትን የተመኘነው። አፍ ቢደብቅ ፋሻው ይናገር ነበር።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሲለጠጥ ቀለሙን የሚቀይር ክር ሠርተው በእንዲህ ዓይነቱ ፋሻ ላይ ሞክረውታል። የእነሱ ክር ፈሳሽ ክሪስታል የለበትም፤ ስስ ግልጽ ላስቲኮች በጥቁር ክር ላይ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለሉበት ነው። ሐሳቡ ግን ያው ነው። የሚጠመጥመው ሰው ቀለሙን አይቶ ምን ያህል እንደወጠረ ያውቃል። ሙያ የሌለው ልጅም ጭምር!

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ሙቀት። ግንባር ላይ የሚለጠፈውን የትኩሳት መለኪያ አይታችሁ ይሆናል፤ እሱም የፈሳሽ ክሪስታል ሥራ ነው፤ ሙቀት ሲቀያየር የደረጃው ርቀት ይቀያየራል። የ1970ዎቹ «ስሜት አንባቢ» ቀለበትም ያነበበው የጣትን ሙቀት እንጂ ፍቅርን አልነበረም (ስንቱ ግን ተጣልቶበታል)። ላስቲኩ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይጨምራል፤ ሲሞቅ የሞለኪውሎቹ ሰልፍ ይበተንና ራሱ ይኮማተራል። ሰው ሠራሽ ጡንቻ ሊሠሩበት የሚሯሯጡት ለዚህ ነው። ለእኛ ፋሻ ግን ጣጣ ነው። እግር የቆሰለ ከሆነ ይግላል። ታዲያ ቀለሙ የተቀየረው ፋሻው ስለጠበቀ ነው ወይስ እግሩ ስላተኮሰ? ሁለቱ ሕመምተኛውን የሚወስዱት ወደተለያየ መንገድ ነው፤ አንዱ «አላላው»፣ ሌላው «ቶሎ ሐኪም ጋ» ነው።

እኛ ስንጨቃጨቅ የመጣልን ዘዴ አለ፦ ከሚወጠረው ክር አጠገብ ከዚያው ላስቲክ የተቆረጠ፣ የማይወጠር ቁራጭ መስፋት። ሁለቱም አብረው ከተቀየሩ ሙቀት ነው፤ የተወጠረው ብቻ ከተቀየረ እጃችን ነው።