ስለ አንዲት ትንሽ የጦር መርከብ

ለትንሣኤ በዓል ከኢትዮጵያ ከመጡት ተሳላሚዎች መካከል አንድ አረጋዊ ነበሩ። ሌሎቹ በየሻንጣቸው በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ጧፍና ለዘመድ የሚሰጥ በርበሬ ሲይዙ፣ እርሳቸው ግን ርዝመቱ ከክንድ ጥቂት የሚበልጥ የኮምፔርሳቶ ሣጥን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከአዲስ አበባ እስከ ቅድስት ከተማ ድረስ መጡ። በአውሮፕላን ጣቢያ ፈታሾቹ ሣጥኑን አስከፍተው ባዩ ጊዜ በውስጡ ያገኙት ባለ መድፍ የጦር መርከብ ስለ ሆነ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የመድፉ አፈ ሙዝ የሐኪም መርፌ መሆኑን ካወቁ በኋላ ግን ሥቀው አሳለፏቸው።

በማረፊያው ቤት እንግዳ የሚቀበሉት አባት ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አላሳለፉትም። «ወንድሜ፣ ሰው ወደ ጎልጎታ የሚያመጣው ኃጢአቱን ነው እንጂ የጦር መርከብ ነውን?» ብለው ጠየቋቸው። አረጋዊውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «አባቴ፣ እኔም ያመጣሁት እርሱኑ ነው» አሉ።

የጦር ዕቃ ምስል በተሳላሚዎች ቤት መገኘቱ የሚያስነቅፍ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ በባሕር ዳር የሚኖሩ ክርስቲያኖች ልማድ ሌላ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። በዴንማርክ ሀገር በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከጣራው በገመድ የተንጠለጠሉ ትንንሽ መርከቦች ይታያሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መድፋቸው በጎናቸው የተደረደረ የጦር መርከቦች ናቸው። በማርሴይ ከተማ በኮረብታ ላይ በተሠራው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያንም ከማዕበል የዳኑ ሰዎች በስለት ያስገቧቸው መርከቦች ተሰቅለዋል። ከዚያም አስቀድሞ በምድረ ግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል በፊት፣ መቅትሬ በተባለው ሹም መቃብር ውስጥ ከነቀዛፊዎቻቸው የተቀቡ የእንጨት ጀልባዎች ተቀምጠው ተገኝተዋል። የሰው ልጅ ትልቁን ነገር በእጁ ሊይዘው ሲያቅተው አሳንሶ መሥራቱ የቆየ ጠባዩ ነው።

የአረጋዊው መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነው። እውነተኛይቱ መርከብ በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ አጠገብ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. ወደ ውሃ የወረደች ስትሆን፣ የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋም በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅና ስንቅ እየሰጡ መርዳት ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ በምጽዋ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ ሆነች፤ ከባሕር ኃይሉም መርከቦች ሁሉ ትልቋ እርስዋ ነበረች። አረጋዊው በ18 ዓመታቸው ተቀጥረው ስትነካ ትኩስ የሆነችውን የብረት ወለሏን በባዶ እግር መጥረግ የጀመሩት በእርስዋ ላይ ነው። ዛሬ ግን የለችም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ቀይ ባሕርን አቋርጣ ወደ የመን ከሸሸች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ እርስዋን በትንሹ ሊሠራ የሚነሣ ሰው ሄዶ የሚለካት መርከብ አያገኝም።

አረጋዊው ሥራውን በጀመሩ ጊዜ በእጃቸው የነበረው ሦስት አሮጌ ፎቶግራፍና ትዝታቸው ብቻ ነበር። በኋላ በአሜሪካ የሚኖር የእኅታቸው ልጅ የዚያ ዓይነት መርከቦችን ንድፍ ፈልጎ ላከላቸው። የመርከቢቱ ርዝመት 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ነው። እርሳቸው እያንዳንዱን ልክ ለ200 ስላካፈሉት ርዝመቷ 47 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ ወርዷም ከ6 ሴንቲ ሜትር ጥቂት አለፈ። (ኖኅ የሠራት መርከብ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50 ክንድ ስለ ነበረ ወርዷ ስድስት ጊዜ በርዝመቷ ይገባል፤ በዚህችኛይቱ ግን ሰባት ጊዜ ተኩል ይገባል። የኖኅ መርከብ ልትንሳፈፍ እንጂ ልትሮጥ አልተሠራችምና።)

አካሏን የሠሩት ከዋንዛ እንጨት ነው። ጣውላዎቹን በኮላ አጣብቀው፣ በቢላዋ ጠርበው፣ ጉድለቱን በስቱኮ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ አንድ ክረምት አለፈ። ሁለቱ የአፍንጫዋ ጎኖች እኩል አልሆን ብለዋቸው ሁለት ጊዜ ጥለው እንደገና ጀመሩ። ውስጧንም ቦርቡረው ካወጡ በኋላ፣ በውሃ ላይ ስትቀመጥ ትክክለኛው መስመር ድረስ ትጠልቅ እንደ ሆነ ሊያውቁ ፈለጉ። ርዝመትም ወርድም ጥልቀትም እያንዳንዳቸው ለ200 ሲካፈሉ ክብደቱ ለ8 ሚሊዮን መካፈል ስላለበት፣ ጭነቷ ሲሞላ 2,750 ቶን ያህል የነበረችው መርከብ 344 ግራም ትሆናለች፤ ይኸውም ከአንድ እንጀራ ብዙም አይበልጥም። ከጎረቤታቸው ቡና ነጋዴ ሚዛን ተውሰው፣ በሆዷ ምስማር እየጨመሩ መዘኗት። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ባስቀመጧት ጊዜ በልኳ ቆመች። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ይናገራሉ።

የፊተኛው መድፍ አፈ ሙዝ 127 ሚሊ ሜትር ስለ ነበረ በትንሹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሆነ፤ ለእርሱም ቀጭን የሐኪም መርፌ ልክ ሆኖ ተገኘ። የመርከቡን ዳር የሚከብበውን አጥር ከሽቦ ሠሩት፤ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና በወረንጦ እየያዙ አንዱን እግር ሲተክሉ ሌላው ይወድቅ ነበር። ከምሰሶው የሚወርዱትን ሽቦዎች ከአሮጌ የሴት ካልሲ በመዘዙት ክር ተኩ። ከጭስ ማውጫው በስተ ኋላ ያለውን የዕቃ ማንሻ ክሬን ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀባቸው።

ከዚያም ቀለም መጣ። የመርከቢቱ ቀለም ግራጫ ነበር፤ ፎቶግራፎቹ ግን ጥቁርና ነጭ ስለ ሆኑ ምን ዓይነት ግራጫ እንደ ነበረ አያስረዱም። አረጋዊው ያንን ግራጫ የሚያውቁት በእጃቸው ነው። በወጣትነታቸው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በሁለት ገመድ በታሰረ ጣውላ ላይ ከመርከቢቱ ጎን ተንጠልጥለው ዝገት ፍቀዋል፣ ቀይ የዝገት መከላከያም ቀብተዋል፣ በላዩም ግራጫውን ደርበዋል። የባሕር ጨው ግን በስድስት ወር ውስጥ ሁሉንም መልሶ ይበላው ነበር፤ ይልቁንም የመልሕቁ ሰንሰለት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሥር ዝገቱ እንደ ዕንባ ይወርድ ነበር። በመርካቶ ቀለም ገዝተው የሚያስታውሱትን ግራጫ በጥብጠው ቢቀቧት መርከቢቱ ጠቁራ ታየቻቸው። ምክንያቱን ያገኙት ቆይተው ነው። ሩቅ የቆመ ነገር በመካከል ባለው አየር ቀለሙ ይገረጣል፤ ለ200 የተካፈለች መርከብ ከግማሽ ሜትር ስትታይ በ100 ሜትር ርቀት ላይ እንደ ቆመች ናት። ስለዚህ እውነተኛውን ቀለም እንዳለ የቀባ ሰው እውነቱን አልሠራም። ነጭ እየጨመሩ አራት ጊዜ ቀቧት። በውሃ ውስጥ የሚቀረውን የሆዷን ክፍልም ቀይ አድርገው ቀቡት፤ «ያንን ማን ያየዋል?» ላሏቸውም መልስ አልሰጡም። በጎኗ ላይ የላቲን ፊደል ኤ እና 01 ቁጥሯን የጻፉት ከሦስት ጠጉር በቀር በሌለው ብሩሽ ነው።

በመጀመሪያ አሳባቸው መርከቢቱን በክፍት ባሕር ላይ ስትሄድ፣ በአንበሳ ምልክት ያለውን ሰንደቅ ዓላማ አውለብልባ ሊያሳዩዋት ነበር። የቀድሞ ባልንጀሮቻቸውም ይህን ወደዱት። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወሬ ደረሳቸውና አሳባቸውን ለወጡ። ሰንደቅ ዓላማውን አወረዱ፣ አንበሳ የሌለበትን ሰቀሉ፤ በዚህም ምክንያት አንድ ባልንጀራቸው እስከ ዛሬ አያነጋግራቸውም። መርከቢቱንም እስከ ውሃው መስመር ድረስ በጣውላ ውስጥ ቀበሯት፤ በጎኗ የወደብ ዳር ሠርተው በገመድ አሰሯት፣ መሰላሏንም አወረዱ።

ወሬው ያ ጓደኛቸው፣ በጣውላ ላይ አብሯቸው ሲቀባ የነበረው፣ ትቷት የሄደ ሴት ልጁ በቴል አቪቭ እንደምትኖር ነበር።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ባሕር ኃይሉ በቀሩት ወደቦች ተጠግቶ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ቆየ። በግንቦት 1983 የመጨረሻው ቀን በደረሰ ጊዜ፣ መርከቢቱ የምትነሣው ማታ ነው ተብሎ ተነገረ። ጓደኛቸው ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ሊያመጣ በመሰላሉ ወረደ። ሲወርድም የኋላውን ገመድ ይጠብቁ ለነበሩት ለአሁኑ አረጋዊ፣ «አንተ አለህ፤ ሳልመጣ እንዳትፈታ» አላቸው። ከቀትር በፊት የመነሣት ትእዛዝ መጣ። ገመዱን ፈቱ። ወታደር የታዘዘውን ማድረጉ አያስወቅሰውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እርሳቸው ግን ይህን ሲባል አንድም ቀን አልተጽናኑም። ጓደኛቸው ቤቱ ሳይደርስ በመንገድ እንደ ሞተ ከዓመታት በኋላ ከሌላ ባሕረኛ ሰሙ። ሚስቱ ግን ይህን ሳታውቅ፣ ባሏ በመርከቢቱ እንደ ሄደ አምና፣ ለልጇም እንዲሁ ነግራ ሞተች። ልጅቱም ትቷት የሸሸ አባት እንዳላት እያሰበች አደገች።

አረጋዊው ለዚህች ሴት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምረው፣ ገመዱ የተፈታበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም ቀደዋል። ስለዚህ መጡ።

ከትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ ሴትዮዋ ከሥራ ወጥታ ወደ ማረፊያው ቤት መጣች። አረጋዊው ሣጥኑን በግቢው የድንጋይ መደብ ላይ ከፈቱት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተች፤ መስኮቶቹን፣ ክሬኑን፣ የመልሕቁን ዝገት በጣቷ ሳትነካ አንድ በአንድ አየች። በመርከቢቱ ወለል ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ብቸኛ ሰው ከመርከቢቱ ውጭ፣ በመሰላሉ ሥር፣ በወደቡ ዳር ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው?» አለቻቸው።

«አባትሽ ነው።»

«አባቴ መርከቡ ላይ ነበር።»

«አልነበረም ልጄ። ወርዶ ነበር። እናንተን ሊያመጣ ወርዶ ነበር። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ሌላውንም ነገሯት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱን ከፈቱ በኋላ ወደ መንገዱ ተመልክተው እንደ ነበረ። አዎን፣ ወደቡ እስኪጠፋ ድረስ ተመልክቻለሁ አሏት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ሳትሰናበታቸው ወጣች። መርከቢቱም በመደቡ ላይ እንደ ቆመች ቀረች፤ አረጋዊው እስኪመሽ ድረስ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር፤ እራት ሲጠሯቸውም አልገቡም።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋ የሰባት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ተመለሰች። አረጋዊውን በጉንጫቸው ሳመቻቸው፤ ስለ ረቡዕ ግን ምንም አልተነጋገሩም። ሣጥኑን የምታስርበት ገመድ ይዛ መጥታ ነበርና ከእንግዳ ተቀባዩ አባት ጋር ሲያስሩ፣ ልጁ በመርከቢቱ ላይ ጎንበስ ብሎ መድፉን በትንፋሹ እየነቀነቀ ቆየ።

«አባባ፣ ውሃ ላይ ትሄዳለች?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ጊዜ በሳፋ ውስጥ ተንሳፍፋ ነበር» አሉት አረጋዊው። «አሁን ግን ከወደቡ ጋር በኮላ አጣብቄያታለሁ። አትሄድም።»