አባትና ልጅ በ20 ሜትር

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከአንድ ቤት ሰገነት እስከ ጓሮው ዛፍ ድረስ ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል። ጎረቤቶች የልብስ ማስጫ ይመስላቸዋል። ልብስ ግን አንድም ቀን ተሰጥቶበት አያውቅም። ሽቦው የሬዲዮ አንቴና ነው፤ ባለቤቱም ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ነገሩን የጀመረው ትልቁ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ15 ዓመቱ፣ ከትምህርት ቤት ስለ አማተር ሬዲዮ ሰምቶ መጣ። አባትና ልጅ አብረው ተፈትነው "ቴክኒሺያን" የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ አወጡ። ቀጥሎም ኪው ሲ ኤክስ የተባለውን፣ ሃንስ ሰመርስ የነደፈውንና በ2017 በ49 ዶላር ለገበያ የቀረበውን ኪት አዘዙ። ኪት ማለት ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም፤ ባዶ ሰሌዳና በከረጢት የተሞላ ጥቃቅን ዕቃ ነው። ሬዲዮው የሰው ድምፅ አያስተላልፍም፤ የሚናገረው በሞርስ ብቻ ነው። ጉልበቱም ከ3 እስከ 5 ዋት፣ ከአንዲት የሌሊት አምፑል የማይበልጥ ነው።

አባት መበየጃውን ያዘ። ልጅ ዓይኑ ስለታም ነውና ቀጫጭኑን ሽቦ በትንንሽ ቀለበቶች ላይ ጠመጠመ። ሞርሱንም ያስተማረ እሱ ነው። በአሜሪካ ለፈቃድ ሞርስ መፈተን በ2007 ቀርቷል፤ ያለ ሞርስ ግን ያ ሬዲዮ ዲዳ ነው። አባት መኪና በማይገባበት ሰዓት የፓርኪንጉን ጠረጴዛ በጣቱ እየመታ አጠና።

በ2021 ልጁ ለትምህርት ወደ ሲያትል ሄደ። በመካከላቸው ወደ 3,700 ኪሎ ሜትር ገባ። ስልክ አለ፤ ወሬ ግን የለም። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ አባዬ።" "በላህ?" "በላሁ።" ከዚያ ዝምታ ነው። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። በልጅነቱ አንድ ሠርግ ላይ አፉን በፈታበት አማርኛ ሲናገር ትልልቆቹ ሳቁበት፤ ከዚያ ወዲህ ቋንቋውን ዘጋው። ከሳቁት አንዱ አባቱ ነበር።

ታዲያ በሬዲዮ ለምን አይገናኙም? ችግሩ ባንዱ ነበር። ሬዲዮው የተሠራው ለ40 ሜትር፣ ማለትም ለ7 ሜጋ ኸርዝ ነው። በዚህ ባንድ ቀን ቀን ሩቅ አይኬድም፤ ከምድር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ሽፋን በፀሐይ ኃይል ሞገዱን ይውጠዋል። ሌሊት ሽፋኑ ሲሳሳ መንገዱ ይከፈታል። ሌሊት ደግሞ አባት ሥራ ላይ ነው። ቀን አገር የሚያቋርጠው የ20 ሜትር ባንድ፣ 14 ሜጋ ኸርዝ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱ ነበር። ቴክኒሺያን በ40 ሜትር ሞርስ መላክ ይችላል፤ በ20 ሜትር ግን አይፈቀድለትም። አባት "ጄኔራል" ለሚባለው ደረጃ ተቀመጠ። ከ35 ጥያቄ 26 መመለስ ግድ ነው። በ2023 መጀመሪያ፣ በ58 ዓመቱ፣ አለፈ።

ሁለተኛው ሬዲዮው ነው። ድግግሞሹን የምታመነጨው አንዲት ቺፕ ስለሆነች ቁጥሩን ወደ 14 ማዞር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አባት አዞረ። መስኮቱ 14.060 አለ፤ ጆሮው ግን ምንም አልሰማም። አንድ አስተላላፊ በ7 ሲልክ በ14 እና በ21 ላይም ትርፍ ሞገድ ይረጫል፤ ሕጉ ይህ ትርፍ ከዋናው ቢያንስ በ43 ዴሲቤል፣ ማለትም በ20 ሺህ እጥፍ እንዲያንስ ያዛል። ለዚህም መውጫው ላይ ማጣሪያ ተቀምጧል። የ7 ማጣሪያ የሚዘጋው ደግሞ ያንኑ 14ን ነው። ሳይቀይሩ መላክ ትራንዚስተሮቹን ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ልጁ የጠመጠማቸው ጥቅሎች መነሳት አለባቸው። አንድ ወዳጁ፣ "ጋሼ፣ ሌላ ኪት አይገዙም?" አለው። "ልጄ የሠራው ይኼ ነው" ብሎ መለሰ። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በክብሪት ቀፎ አስቀመጣቸው። አንዱን ሲነቅል የሰሌዳው ቀጭን መዳብ ተላጠ፤ "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል" እያለ በቁራጭ ሽቦ ጠገነው።

የማጣሪያው ሦስት ቢጫ ቀለበቶች በ21፣ በ24 እና በ21 ዙር ፈንታ 16፣ 17 እና 16 ዙር ተጠመጠሙ። 270 እና 680 ፒኮፋራድ የነበሩት አራት ካፓሲተሮች በ180 እና በ390 ተተኩ። የመቀበያው ትልቁ ጥቅልና የማጉያው ጥቅልም እንደ አዲስ ተሠሩ።

አበራው። አሁንም ዝም! ሁለት ቀን ፈተሸ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሲያትል ደወለ። ልጁ በእንግሊዝኛ ጀመረና፣ አባት አልገባህ ሲለው፣ ቀስ ብሎ በተሰባበረ አማርኛ፣ "ሽቦው... ልብስ አለው አባዬ። ልብሱን አወለቅህ?" አለ። ሽቦው ላይ የተቀባው መከላከያ ቀለም ማለቱ ነበር። አባት በዚህ አልሳቀም። የትልቁን ጥቅል ጫፎች በምላጭ ፋቀ፣ በየደ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ባንዱ በሞርስ ይንጫጫ ነበር። ያን ቀን ስልኩ 40 ደቂቃ ቆየ።

20 ሜትር ገደማ የነበረው አንቴና ወርዶ፣ ግማሹን የሚያክል፣ 10 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሽቦ ወጣ።

በተቀጠሩበት ቅዳሜ፣ ሜሪላንድ ምሳ ሰዓት ሲሆን ሲያትል ገና ረፋድ ነው፣ አባት የልጁን የጥሪ ምልክት ደጋግሞ ላከ። ምንም። ቦታውን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ደገመ። ከጩኸቱ ስር አንድ ቀጭን ድምፅ መለሰ። መጀመሪያ የጥሪ ምልክቱ፣ ቀጥሎ የአቀባበል ደረጃው መጣ። ከዚያ እንግሊዝኛ ያልሆኑ ፊደሎች ተከተሉ፤ አባት በእርሳስ አንድ በአንድ ጻፋቸው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። ሰላም። ቀጥሎም ቢ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤች። በላህ?

አባት ጥቂት እጁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ "በላሁ" ብሎ መታ።

ሞርስ ውስጥ ዘዬ የለም። የማንም "ቀ" እና "ጠ" አይሳቅበትም። አባትና ልጅ ሰማዩ በፈቀደበት ቅዳሜ ሁሉ ይገናኛሉ፤ አሁን አሁን ልጁ በስልክም ይሞክራል። የድሮዎቹ ጥቅሎች ከክብሪቱ ቀፎ አልወጡም። አማርኛ የሚሰማ እንጂ የማይናገር ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ሲሰሙ የሬዲዮውን ዋጋ ይጠይቁታል። እሱም ዋጋውን ይነግራቸውና፣ "ዋናው ግን አለመሳቅ ነው" ይላል።