ያጠፋሁት ማሽን ለምን ይበላል?

ቨርቹዋል ማሽኑን ዘግቼ ሶኬቱ ላይ የሰካሁትን የዋት መለኪያ ሳየው ቁጥሩ ጨምሯል። ዊንዶውሱ በርቶ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ሰርቨሬ የምትስበው 71 ዋት ነበር። ስዘጋው 96 ገባ። መለኪያው ተበላሽቶ መስሎኝ ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው 96።

ሰርቨሯ የምትሠራው በሊኑክስ ነው። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የምጠቀምበት ዊንዶውስ በውስጧ እንደ ቨርቹዋል ማሽን ተቀምጧል፤ ግራፊክስ ካርዱን በፓስስሩ ጠቅልዬ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን የሚቀንስለት ድራይቨሩ ነው፣ ድራይቨሩ ደግሞ ያለው ዊንዶውሱ ውስጥ ነው። ዊንዶውሱ ሲዘጋ ካርዱ ቪኤፍአይኦ በሚባለው የሊኑክስ ክፍል እጅ ይቀራል። ቪኤፍአይኦ ካርዱን ይዞ ለሚቀጥለው ቨርቹዋል ማሽን ያቆያል እንጂ ስለ ውስጡ የሚያውቀው ነገር የለም። እርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሥራ የፈታ መሣሪያን ዲ3ሆት ወደሚባል እንቅልፍ ይከተዋል። ዲ3ሆት ግን ኤሌክትሪኩን አይቆርጥም፤ አንዳንዱ ካርድ እዚያ ገብቶ በደንብ ይተኛል፣ የእኔው ዓይነት ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል። ዋናውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠው ዲ3ኮልድ ነው። ቪኤፍአይኦ እሱን መደገፍ የጀመረው በ2022 ሲሆን፣ ያም ቢሆን ማዘርቦርዱ የካርዱን መስመር መዝጋት መቻል አለበት። ብዙ ላፕቶፖች ይችላሉ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን አብዛኛው አይችልም።

ሐዋሳ፣ አቶቴ ተከራይተን ስንኖር እንዲህ ዓይነት ጉድ አይታሰብም ነበር። ሰርቪስ ቤቶቹ በሙሉ በአንድ ቆጣሪ ናቸው፣ ቆጣሪው የአከራያችን የእትዬ ነው። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የቆጣሪዋን ዲስክ ያያሉ። ትንሽ ፈጠን ካለች፣ «አንተ! ምን ሰክተህ ነው?» ይመጣል።

«ኧረ እትዬ፣ አምፖል ብቻ ነው።»

«አምፖል እንዲህ አያሽከረክራትም!»

ካላመኑ ብሬከሩን ያወርዱታል። ስቶቭ የደበቀ ሰው ራሱ በጨለማ ውስጥ እየሳቀ ይወጣል። የእኔ ሊኑክስ እንደ እትዬ ሂሳቡን የሚከፍለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ተከራዩ ሲወጣ ክፍሉን ከፍቶ ምን ተሰክቶ እንደቀረ የሚያይበት ዓይን የለውም።

ይህንን ለአንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው፣ «እናንተ አገር ሰው ዋት ይቆጥራል እንዴ?» አለኝ። አልዋሽም፣ ደሜ ፈላ። ከግድግዳ ላይ ሶኬት የሚነቅል ሕዝብ እኛ አይደለንም እንዴ? መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ነቅሎ፣ ሲመጣ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቆ መልሶ የሚሰካው ማን ነው? እነሱ እኮ ሕግ አውጥተው ነው ያደረጉት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የቤት ዕቃ ጠፍቶ ሲቀመጥ ከ0.5 ዋት በላይ እንዳይበላ ደንግጓል፤ አብዛኛው ሰው ስለዚህ መንቀሉን ረስቶታል። ሕጉ ግን የበራች ሰርቨር ሆድ ውስጥ ያለን ካርድ አያይም።

ደሜ ከበረደ በኋላ ሳስበው ሕጉ መጥፎ አይደለም። እትዬም ፍትሐዊ አልነበሩም፤ ሂሳቡን የሚያካፍሉት በሰው ቁጥር ስለነበር ቴሌቪዥን ያለውና ባለ አንድ አምፖሉ እኩል ይከፍላሉ። በድንገት የወረደው ብሬከራቸውም ሃርድ ዲስክ በልቶብኛል። አሁን በምኖርበት ፍራንክፈርት ቢያንስ ቆጣሪው የብቻዬ ነው። ታዲያ ወር በወር የምትከፍለው ግምት ነው፤ እውነተኛው ሂሳብ የሚመጣው በዓመቱ መጨረሻ በደብዳቤ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ ወደ 40 ሳንቲም ዩሮ ሲሆን፣ ሳያስፈልጉ የሚቃጠሉት 25 ዋቶች ዓመቱን ሙሉ ቢሄዱ 219 ኪሎዋት ሰዓት፣ 87 ዩሮ ገደማ ናቸው። አገር ቤት በካርድ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ነቄ እል ነበር።

መፍትሔው አስቂኝ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲዘጋ የሚነሳ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ካርዱን ከቪኤፍአይኦ አስለቅቆ ለራሱ ለሊኑክሱ ድራይቨር ይመልሰዋል። ድራይቨሩ ካርዱን እንደተረከበ ያስተኛዋል፣ መለኪያውም ወደ 68 ወረደ። ማለትም ካርዱ እንዲተኛ የሚያውቀው ሰው መቀስቀስ ነበረበት። ሁሉም ካርድ እንደማይስማማ ግን ልብ በሉ፦ አንዳንድ የቆዩ የኤኤምዲ ካርዶች አንዴ ከቨርቹዋል ማሽን ከወጡ በኋላ ሪሴት አይሆኑም፤ ሰርቨሩን በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ዲ3ኮልድ ገብተው አልነቃም የሚሉም አሉ። ለእነሱ ትንሽ ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ከፍቶ ካርዱን ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ይሻላል።

ሐዋሳ ፒያሳ ኤዲቲንግ ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ ግን በ87 ዩሮዬ ሳቀብኝ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ቢሆንም እሱን የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዩፒኤሱ ውስጥ ያለችው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ናት፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በተግባር ከዚያ ያነሰ። መብራት ሲሄድ እነዚያ 25 ዋቶች ለእሱ ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጎ የመዝጊያ ደቂቃዎች ናቸው። «ስክሪፕቱን ላክልኝ» አለኝ፤ ላክሁለት። የእሱ ካርድ ኤኤምዲ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሥራ በሌለበት እሑድ እንዲሞክረው ነግሬዋለሁ።