የሸኻችን ድምፅ ያለበት ፍላሽ



ባለፈው ክረምት ከንፋስ መውጫ ስንመለስ ከበሶው ጋር አንድ ፍላሽ ይዘን መጥተን ነበር። ውስጡ ሸኻችን፣ አላህ ይዘንላቸው፣ አጅሩሚያን ሲያቀሩን በስልክ የቀዳናቸው 14 ደርሶች አሉ። ስልኩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሌላ ቅጂም የለንም። «ነገ እንገለብጠዋለን» እያልን ነው ሸኻችን ወደ አኼራ የሄዱት።

ግቢ ደርሰን ፍላሹን ብንሰካው ደርሶቹ የሉም። በቦታቸው አንድ ሾርትከት ብቻ ተቀምጧል። ከመነሣታችን በፊት ፎርም ለማሳተም አንድ ኮፒ ቤት ሰክተነው ነበር፤ ከዚያ ሳይዘው አልቀረም። ያማከርነው ሁሉ «ፎርማት አድርጉት» አለን። ፎርማት ብናደርገው ፍላሹ ይድናል፤ የሸኻችን ድምፅ ግን አይገኝም።

ስለዚህ ቨርቹዋልቦክስ አውርደን በዊንዶውሳችን ውስጥ ኡቡንቱ ጫንን። ይህን ዓይነቱ ቫይረስ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ሾርትከቱ እንደ ማንኛውም ተራ ፋይል ዝም ብሎ ይቀመጣል። የከፋ ነገር ቢመጣ ደግሞ ውስጠኛውን ማሽን አጥፍቶ እንደገና መጫን ይቻላል።

ያስቸገረን ፍላሹን ወደ ውስጥ ማስገባቱ ነው። በዩኤስቢ የተሰካ ዕቃ በአንድ ጊዜ የአንድ ማሽን ብቻ ነው። ደረሳ የነበረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ኪታቡ አንድ ሲሆን አንዱ ሳይለቅ ሌላው አይቀራም። እኛ ስንሰካው ዊንዶውስ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ከዝርዝሩ ላይ ስንመርጠው ዕቃው ሥራ ላይ ነው የሚል ስሕተት ይመጣል። ሁለት ሌሊት እዚሁ ላይ ቆምን። በንዴት ነቅለን እንሰካ ነበር፤ የዚህን ዋጋ በኋላ ከፍለነዋል።

መፍትሔው የዩኤስቢ ፊልተር ነው። በማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ፊልተር ከተፈጠረ፣ ማሽኑ በርቶ እያለ ፍላሹ ሲሰካ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዊንዶውስ አይነካውም። መጀመሪያ የፈጠርነው ባዶ ፊልተር ነበር። ባዶ ማለት ለካ «ያገኘኸውን ሁሉ ያዝ» ማለት ነው፤ ማውሳችንንም ይዞት ገባ። ከሳቅን በኋላ አጥፍተን ፍላሹን ብቻ ከዝርዝሩ መረጥን።

አሁንም እንቢ አለ። የጫንነው 6.1 ስለነበረ ያለ ኤክስቴንሽን ፓክ የሚያውቀው ዩኤስቢ 1.1ን ብቻ ነው፤ የእኛ ፍላሽ ደግሞ 3.0 ነው። የፓኩ ቁጥር ከዋናው ፕሮግራም ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 7.0 ወዲህ ግን 2.0ም 3.0ም ከዋናው ጋር አብረው ስለሚመጡ ይህ ልፋት ቀርቷል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም መጠቀም ለሚከብዳችሁም፦ ዋናው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ፓኩም ለግልና ለትምህርት ያለ ክፍያ ተፈቅዷል።

ፓኩን ጭነን ከሱብሒ በኋላ ስንሰካው ፍላሹ ኡቡንቱ ላይ ብቅ አለ። ስም የሌለው የሚመስል አንድ ፎልደር አለ። ቫይረሱ ፋይሎቹን እዚያ ከትቶ ለዊንዶውስ እንዳይታይ ደብቆት ኖሯል። ከፈትነው፤ 14ቱም ተደርድረዋል። ንጹሕ ፍላሽ በሌላ ፊልተር አስገብተን የድምፅ ፋይሎቹን ብቻ ገለበጥን።

መጀመሪያ የሰማነው የንፋሱን ፉጨት ነው። ያገሬው ሰው ያውቀዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፣ ስሙም ዝም ብሎ አልወጣለትም። ቀጥሎ ዶሮ ጮኸ፤ ከዚያ ሸኻችን «ድገመው» አሉ። ማን እንደተሳሳተ እናውቃለን፣ አንናገርም።

ዘጠነኛው ደርስ ግን አልተከፈተም። በንዴት ስንነቅልና ስንሰካ የተበላሸ ይመስለናል። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ መጥታችሁ እዚያው ሐሪማ የቀራችሁ ካላችሁ ስልካችሁን ፈልጉልን። ከዓስር ሶላት በኋላ መስጂዱ ደጃፍ ላይ አለን፤ ላፕቶፑንም እንይዛለን።